የጋሼ ካምቢዮ

«አትንካው ብዬሃለሁ። ከነካኸው ይቆማል።»

«ካልነካሁትስ?»

«ካልነካኸውማ…»

የቀረው ከጆሮዬ ጠፍቷል። ልጅ ሆኜ፣ ትኩሳት ይዞኝ ከትምህርት ቤት የቀረሁበት አንድ ከሰዓት ነበር። አባታችንና የአውቶቡስ ሾፌር የሆነ ወዳጁ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ እሰማለሁ። አጠገቤ ታላቅ ወንድሜ ተኝቷል፤ እሱንም ትኩሳት ይዞታል ተብሎ ነው እንጂ የያዘውስ የሒሳብ ፈተና ነበር። ሰዎቹ የሚነጋገሩት ስለ አንድ አውቶቡስ ካምቢዮ ነው። ካምቢዮ ካረጀ ወዲያ ዘይቱን የቀየረ ሰው መኪናውን በገዛ እጁ ይገድላታል አለ አንዱ። ሌላው ከት ብሎ ሳቀ። ማን እንደተናገረና ማን እንደሳቀ ግን እኔና ወንድሜ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሱ «አትንካው ያለው አባባ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ አባባ የሳቀው ነው እላለሁ፤ ሳቁን አልረሳውም። «ትኩሳት የያዘው ሰው ምስክርነት አይቆጠርም» ይለኛል። እኔም «ትኩሳት የኮረጀ ሰውስ?» እለዋለሁ። እንዲህ እንዲህ ስንል ሁለታችንም ሸበትን።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደወለልኝ።

«ጆሮ፣ የት ነህ?»

ስሜ ጆሮ አይደለም፤ እሱ ያወጣልኝ ነው። ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። ማንም አላስተማረኝም። ፓምፕ ሲታመም ድምፁ ይለወጣል፤ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም የት ላይ እንደሚያመው ይነግረኛል። ከመኪና ጋርም የተዋወቅሁት በዚያው መንገድ ነው፤ በማንበብና በማዳመጥ፣ አንዳንዴም በማበላሸት።

«ቤት ነኝ ጋሼ። ደህና አደራችሁ?»

«ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን። ቱታህን ይዘህ ና። የመኪናዋን የካምቢዮ ዘይት እንቀይራለን።»

«አንተ? ዕድሜ ልክህን አትንኩት ስትል ኖረህ?»

«አሁን ተው፣ የሳቅ ሰዓት አይደለም። ነገ አለቃዬ ትመጣለች።»

አለቃዬ የሚላት ልጁን ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው «ከምግብ በኋላ፣ በብዙ ውሃ» ስትል ስለምትውል ቤት ስትመጣም ማዘዙ አይለቃትም። ከጥቂት ወራት በፊት አባቷ ወደ ግቢ ሲገባ የመኪናውን ጎን ከበሩ ምሰሶ ጋር ሲያፋትገው አየችና፣ «አባዬ፣ ዓይንህን ለሐኪም አሳይ፤ እስከዚያ መንዳቱ ይብቃህ» አለችው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጣ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። «ምሰሶው ነው የተጠጋኝ» ብሎ በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ተኳረፉ። በመጨረሻ እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ መሃል ገብታ አስማማቻቸው። መኪናዋ ደህና እስከሠራች ድረስ ጋሼ ይነዳል፤ የተበላሸች ዕለት ግን ትሸጣለች፣ እሱም መንዳት ይተዋል። ጋሼ እጁን ዘርግቶ የተስማማው እንደማትበላሽ እርግጠኛ ስለነበር ነው። የሚንከባከባት እሱ ራሱ ነዋ።

ደግሞም መንዳት ለእሱ እንዲሁ መንዳት አይደለም። እትዬን በየሳምንቱ ሰኞ ለግራ ጉልበቷ ሕክምና የሚያመላልሳት እሱ ነው። እሑድ ማታ ጎማ ይመታል፣ መስታወት ይወለውላል፣ ሸሚዝ ይመርጣል። ቁልፉን ከቀሙት ከሶፋውና ከቁም ሳጥኑ ጋር አብሮ የቤት ዕቃ የሚሆን ይመስለዋል።

ስደርስ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ጋሼ እጅጌውን ሰብስቦ መፍቻዎቹን በየመጠናቸው ይደረድራል። እያንዳንዱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነበር የሚለያቸው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

«ምን ሆነች?» አልኩት።

«ማርሿን ዲ ላይ ሳስገባ ታስባለች።»

«ታስባለች?»

«ትንሽ ታስብና ነው የምትነሳው። ነዳጅ ስረግጥ ደግሞ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን እዚያው ናት። ልክ እንዳንተ፤ አቤት ትላለህ፣ አትመጣም።»

«መጣሁ እኮ።»

«ዛሬ ተሳሳትክ።»

ከመንገዱ ማዶ ያለውን መካኒክ ጠርቶት ነበር። ሰውዬው ሊሄድ ተጣድፎ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት በሰፈሩ አንድ ጊዜ ዞረባትና፣ «ካምቢዮው አልቋል፤ ዘይቱን ከነካችሁት እዚሁ ትቀራለች። ሳትሞት ሽጧት» ብሎት ሄደ።

«እና ለምን ልትነካው ወሰንክ?»

«ብነካው ትሞታለች፤ ባልነካው ነገ አለቃዬ ትሰማታለች። ቢያንስ በእጄ ትሙት።»

እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ድምፁ ግን አልቀለደም።

ሞተሩን አስነሳሁት። ሁለት ነገር ሰማሁ። አንደኛው ከካምቢዮው በኩል የሚመጣ ቀጭን ልቅሶ ነው። ይህን ድምፅ በሥራዬ ላይ ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። አርጅቶ የሚጮኽ ፓምፕ አለ፣ ጠምቶት የሚጮኽ ፓምፕ አለ፤ ይሄኛው ጠምቶታል። ሁለተኛው የሞተሩ ድምፅ ነው፤ ከብዷል፣ ታፍኗል፣ ልክ ከሚገባው በላይ በልቶ እንደሚተነፍስ ሰው። ከኋላ በኩልም ሰማያዊ ጭስ ይወጣል።

«የካምቢዮውን ዘይት ለክተኸዋል?»

«ለክቼዋለሁ። ደህና ነው።»

እኔም ለካሁት። የዚህችን መኪና የካምቢዮ ዘይት የምትለካው ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ ማርሹን በየተራ አስገብተህ ካወጣህ በኋላ ነው። መለኪያውን ዘንግ ስቤ ጠረግሁት፣ መልሼ ከተትሁት፣ ደግሜ ሳብሁት። ጫፉ ላይ ጠብታ ብቻ ነበረ። ሌላው ደረቅ ብረት ነው።

ሞተሩን አጥፍቼ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ፤ መኪናዋን በክሪክ አንስተን በደንብ እንድትቆም ከሥሯ ድጋፍ አደረግን። ካርቶን አንጥፌ የእጅ ባትሪ ይዤ ገባሁ። የሚያፈስ ቦታ ፈለግሁ። የለም። ሲሚንቶውም ደረቅ ነው። ዘይት ደግሞ ተነሥቶ አይሄድም።

ከዚያ ሁለቱን ቡሎኖች አየኋቸው። በዚህች መኪና ሥር የሞተሩን ዘይት የምታፈስበት ቡሎንና የካምቢዮውን ዘይት የምታፈስበት ቡሎን ጎን ለጎን ናቸው፤ መጠናቸውም አንድ ነው። የሞተሩ ቡሎን ጭቃና የአሮጌ ዘይት ቅርፊት ለብሶ፣ ማንም ያልደረሰበት መስሎ ተቀምጧል። የካምቢዮው ግን ንጹሕ ነው። ጠርዙ ላይ የመፍቻ ጭረት ያበራል፤ ከሥሩም አዲስ የመዳብ ቀለበት አለ።

እዚያው በጀርባዬ እንደተኛሁ ጭረቱን ደጋግሜ በጣቴ ዳሰስኩት።

«ጆሮ! እንቅልፍ ወሰደህ?»

«መጣሁ። ጋሼ፣ የሞተሩን ዘይት መቼ ነው የቀየርከው?»

«በቅርቡ ነው እንጂ። እኔው ራሴ ነኝ የቀየርኩት። ለጋራዥ እንደማልሰጥ ታውቃለህ።»

«ከየት በኩል አፈሰስከው?»

«ከሥር ነዋ! ከላይ ይፈሳል እንዴ?»

ወጥቼ የሞተሩን ዘይት ለካሁ። ከላይኛው ምልክት አልፎ፣ ዘንጉ ላይ ወጥቶ ሄዷል። ነገሩ ሁሉ እንደ መስኮት ተከፈተልኝ። ጋሼ ከዚህች በፊት በነበረችው መኪና ላይ የሞተሩ ቡሎን በዚያ በኩል ነበር። እጁ የለመደው ቦታ ሄዶ ያገኘውን ፈታ። የካምቢዮውን ዘይት አፈሰሰ፤ ከዚያ አዲሱን የሞተር ዘይት ከነባሩ ላይ ጨመረበት። አንዱ ተጠማ፣ ሌላው ታነቀ። እስከዚህ ድረስ የእጅ ስሕተት ነው፤ ማንም ይሳሳታል። ያልገባኝ ሌላ ነው። የካምቢዮ ዘይት እኮ ቀይ ነው። ሲያረጅ ይጠይማል፣ ቢሆንም ጥቁር አይሆንም። ዕድሜ ልኩን ዘይት ሲያፈስ የኖረ ሰው ሳፋው ላይ ቀይ ሲወርድ አይቶ እንዴት ዝም አለ?

እትዬ በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው ሻይ ይዛ ከቤት ወጣች። ግራ እግሯን እያስቀደመች፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ነው የምትወርደው።

«እስቲ ጉሮሯችሁን አርጥቡ» አለች። «መኪናዋ ዳነች ወይስ ሞተች?»

«ገና ምርመራ ላይ ናት» አልኳት።

«የጋሼህን አጥርስ አየህልኝ? አሮጌውን ዘይት ምስጥ እንዳይበላው ብሎ ቀባበት። ሁልጊዜ ጥቁር ነበር የሚቀባው፤ ዘንድሮ ቀይ አደረገው። እኔማ ቀለም የገዛልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ምን ቀይ ነው!» አለ ጋሼ። «ጥቁር ነው።»

«ቀይ ነው አልኩህ።»

«ሴትዮ፣ የቀባሁት እኔ! ጥቁር ነው።»

«ጎረቤታችን እንኳ ቀለሙ አማረ አለችኝ።»

«እሷም እንዳንቺው ናት። ጆሮ ይፍረድ!»

ተነሥቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። እንጨቶቹ እንደ ወፈረ ሻይ ቀልተዋል። ፀሐይ የነካው በኩል ጭራሽ ደማቅ ነው። በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩት። የካምቢዮ ዘይት ነው። ዞር ስል ሁለቱም ያዩኛል። ጋሼ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ነበር፤ ወደ እኔ ይመለከታል፣ ግን ትንሽ ወደ ጎኔ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ሻዬ ይቀዘቅዛል» አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ይሄ ፍርድ ነው?» አለች እትዬ።

«ቀጠሮ ነው» አልኳት።

ጋሼ ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝም ብዬ ብሠራው ሥራው ቀላል ነው። የጎደለውን መሙላት፣ የተረፈውን ማፍሰስ። ነገ ልጅቱ ስትመጣ መኪናዋ እንደ በግ ጸጥ ብላ ትሄዳለች፣ ውሉም ይጸናል፣ ጋሼም ሰኞ ሸሚዙን መርጦ እትዬን አጠገቡ አስቀምጦ ይወጣል፤ ቀይና ጥቁር የማይለይ ሰው፣ ያውም መንገድ ሙሉ መኪናና ሕፃናት ባለበት። ብናገር ደግሞ ወንድሜን ሚስቱ ፊት፣ በገዛ ግቢው፣ በሚኮራበት በእጁ ሥራ አዋርደዋለሁ። እትዬ ብርጭቆውን ይዛ ስትገባ መኪናዋ ሥር ተመልሼ ገባሁ። ሰው ሳያየኝ የምጸልይበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ያለ ነው። «ጌታ ሆይ» አልኩ በልቤ፣ «አፌን የምከፍትበትን ሰዓት አንተ ምረጥልኝ።» ከዚያ ሥራ ጀመርኩ።

የካምቢዮውን ቡሎን ፈታሁ። የቀረችው ትንሽ ዘይት ሳፋው ላይ ወረደች፤ ጥቁር ቀይ፣ ደግነቱ የመቃጠል ሽታ የላትም። የብረት ስብርባሪም የለባትም፤ በጣቴ አሽቼ አየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ብዙ ተጠምታ አልተነዳችም። ቡሎኑን ጠርጌ ገጠምኩት፤ ዘይቱ በልኩ እንዲለካም መኪናዋን ወደ ሲሚንቶው አወረድናት። ጋሼ የገዛው አዲስ ዘይት ትክክለኛው ዓይነት መሆኑን ጠርሙሱ ላይ ካለው ጽሑፍና ከመኪናዋ መጽሐፍ አስተያየሁ፤ ልክ ነው። ባለሱቁ የመኪናዋን ዓይነት ሰምቶ ነው የሰጠው።

የካምቢዮ ዘይት የሚጨመረው መለኪያው ዘንግ በሚገባባት ጠባብ ቀዳዳ ነው። የውሃ ፕላስቲክ አንገት ቆርጬ ቀጭን ጎማ ሰካሁበትና ማፍሰሻ አደረግሁት። ጋሼ ማፍሰሻውን ያዘልኝ፣ እኔ ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። እጁ አይንቀጠቀጥም። ስለ ድሮ መንገዶች ያወራልኝ ጀመር፤ ፍሬን እምቢ ስላለው ቁልቁለት፣ አብሮት ይሠራ ስለነበረ አንድ አንኮራፊ ረዳት።

«ረዳቱ ሲያንኮራፋ ሞተሩን አልሰማውም ነበር» አለኝ። «ካምቢዮው የሚጮኽ መስሎኝ ስንት ጊዜ አቁሜያለሁ! ዘይት ልቀይርለት ስል ይነቃል።»

ሁለታችንም ሳቅን። አንደኛው ጠርሙስ ብቻ እንደገባ ሞተሩን አስነሥቼ፣ ፍሬን ይዤ ማርሹን በየተራ አስገባሁ፣ አወጣሁ። ገና ብዙ ይቀረዋል። ዘንጉን ሳብሁና ለእሱ ሰጠሁት። ምን ብዬ እንደሰጠሁት አላውቅም፤ እጄ ነው የሰጠው።

«አንተ አንብበው፣ ጋሼ።»

ተቀበለኝ። ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው፣ ወደ ፀሐይ አዞረው።

«ደርሷል» አለ።

አልደረሰም። ሩቡን አልሞላም።

ነጭ ጨርቅ አቀበልኩት። «እስቲ እዚህ ላይ ጥረገውና አዲሱ ዘይት ንጹሕ መሆኑን እየው።»

ጠረገው። ጨርቁ ላይ አዲሱ ዘይት እንደ ቀይ ቀለም ተዘረጋ። ጋሼ ጨርቁን ሲመለከት ቆየ። እኔ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አዘነበልኩ። ልቅሶው ቀነስ ብሏል፣ ገና አልተወም።

«ያው… ዘይት ነው» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ቀይ መሆን ነበረበት፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አሁንስ ቀይ ነው?»

«ነው፣ ጋሼ።»

ዘንጉንና ጨርቁን እጄ ላይ አስቀመጠና ወደ አጥሩ ሄደ። እንጨቱን በመዳፉ ዳሰሰ። አሸተተው። እኔ ሞተሩን አጠፋሁ። ጋሼ የድሮ ሾፌር ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

ተመልሶ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«የካምቢዮውን ነው ያፈሰስኩት።»

«አዎ።»

«የሞተሩን ደግሞ ደራርቤ አጠጣሁት።»

«እሱንም አዎ።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ከሻዩ በፊት።»

«ከሻዩ በፊት! እና እንደ ሕፃን ዘንግ አስይዘህ ታስነብበኛለህ?» ድምፁ ከፍ አለ። «አፍ የለህም? ለዚህ ነው ጆሮ ብቻ ነህ የምልህ!»

«ምን ልበልህ?»

«ጅል ነህ በለኝ! ታላቅህ ነኝ፣ ግን ጅል ነህ በለኝ!»

«ጅል አይደለህም። ዓይንህ ነው።»

ይህን ስል እትዬ በሩ ላይ ቆማለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላውቅም። ጋሼ ሰማት እንጂ አላያትም፤ የምርኩዟን ኳኳታ ሰምቶ ዞረ።

«አንቺም ሰማሽ?»

«እኔ አዲስ ነገር አልሰማሁም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰኞ ሰኞ ስንሄድ ምን እያልኩ ነው የምሄደው?»

«ምን ትያለሽ? ትለፈልፊያለሽ። ኧረ ይሄ ቀይ መብራት ሲያስጠብቅ፣ ኧረ ይቺ ሴትዮ ልጇን ይዛ ልትሻገር ነው፣ ኧረ ይሄ ባለሳይክል አያፍርም…» ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«ወሬ አጥቼ መሰለህ?» አለች እትዬ።

ጋሼ አንገቱን ደፋ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ መፍቻ መጥረግ ጀመርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ዓይን ሲነዱ ኖረዋል፤ እሱ ሚስቴ ወሬኛ ናት እያለ፣ እሷ ባሌ እንዳይሰበር እያለች።

«እና ለምን ለልጅሽ አልነገርሽም?» አላት።

«ራስህ እስክትነግራት እየጠበቅሁ።»

«ባልነግራትስ?»

«ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እለፈልፋለኋ።»

ሊስቅ ሞከረና እንባው ቀደመው። በክንዱ ጠረገው፤ ክንዱ ላይ የነበረው ዘይት ጉንጩን ቀባው። እትዬ ልትነግረው ስትል በዓይኔ ከለከልኳት፤ ትንሽ ይቆይ ብዬ።

«ጭጋግ ነው» አለን፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ጠዋት ጠዋት ይሻላል። ሲመሽ መብራቱ ሁሉ ይበተንብኛል። ቀለም መቼ እንደሄደ ግን አላወቅሁም። ይሄ ነገር ሲሄድ እኮ ሄድኩ አይልም።»

«ይሄ የሚድን ይመስለኛል» አልኩት። «ብዙ ሰው እየተሠራለት ድኗል። ግን ሐኪም ይበለው እንጂ እኔ የፓምፕ ሰው ነኝ።»

«ሥራህን ጨርስ» አለኝ።

ጨረስኩ። ካምቢዮውን እስከ ምልክቱ ሞላሁት፤ መጨመር፣ ማስነሳት፣ ማርሽ ማመላለስ፣ መለካት፣ ደግሞ መጨመር። ይህ ሥራ ችኮላ አይወድም፤ ከሞላ በኋላ ማጉደል ከመሙላት ይከብዳል። ከዚያ መኪናዋን ዳግም አንስተን የሞተሩን ዘይት በትክክለኛው ቡሎን በኩል ሙሉ በሙሉ አፈሰስኩት። ጋሼ ቡሎኑን በእጁ ዳስሶ ቦታውን ያዘ፤ «ለሚቀጥለው» አለ። እቤት ካስቀመጠው የሞተር ዘይት በልኩ ሞላን። መኪናዋን ከክሪክ አወረድናት።

«አስነሳት» አለኝ።

አስነሳኋት። ልቅሶው የለም። ሞተሩም ትንፋሹን አግኝቷል። መጀመሪያ ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ ከዚያ ተወ። ዲ ላይ አስገባኋት፤ ሳታስብ ያዘች። ግቢው ውስጥ ወደፊት ሄድኩ፣ ወደኋላ መጣሁ። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማታል፤ ከእኔ እኩል እንደሚሰማ ፊቱ ላይ አየሁ።

«አልሞተችም» አለ።

«አልሞተችም። ለከርሞው ዋስ አልሆንም፤ ለአሁን ግን ደህና ናት።»

እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት። መዳፉ ላይ አገላበጠው።

«መኪናዋ ሠርታለች» አለ፣ ወደ ማንም ሳያይ። «ውል ደግሞ ውል ነው። እስከሠራች ድረስ ነው የተባባልነው።»

እትዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመች።

«ልክ ነህ» አለች። «ውል ውል ነው። ንዳ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሰኞ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«በዚያ ጉልበት?»

«በዚህ ጉልበት።»

«መድረሻሽ መቼ ሊሆን ነው?»

«ማክሰኞ» አለች እትዬ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ አልሳቀም። ቁልፉን እያገላበጠ ቆየ። ሚስቱን ያውቃታል፤ ብላ የማታደርገው ነገር የለም። ምርኩዟን ይዛ በመንገዱ ዳር ስትሄድ ሳይታየው አልቀረም፤ ለዚያ ዓይን አያስፈልግም።

«ማን ሊነዳ ነው ታዲያ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ እነዳለሁ» አልኩ። «ሐኪሙ እስኪፈቅድልህ። ሰኞን ለእናንተ እተዋለሁ።»

«አንተ ቀስ ብለህ ነው የምትነዳው። ማክሰኞ ነው የምንደርሰው።»

«ከሷ ጋር እኩል እንገባለና።»

«አጠገብህ እኔ ነኝ የምቀመጥ። እሷ ከኋላ።»

«ተቀመጥ።»

«ዘይቷንም እኔ ነኝ የምቀይር።»

«አብረን እንቀይራለን። ቀለሙን እኔ እነግርሃለሁ።»

«ጉንጩ ላይ ካለው ጀምረህ ንገረው» አለችኝ እትዬ። ጋሼ ጉንጩን ዳስሶ ጣቱን አሸተተ፤ «የካምቢዮ ነው» አለ፣ ልክም ነበር።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ እሷ ሄደ፤ ቁልፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠው።

«የዓይን ሐኪሙን አለቃዬ ትፈልግልኝ» አለ። «የምታውቀው ይኖራል። ነገ ከምሳ በኋላ ሁሉንም እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

«ከምሳ በፊት» አለች እትዬ።

ትንሽ አሰበ።

«እሺ» አለ ጋሼ። «ከምሳ በፊት።»